በእግሯ የምትቀምስ

ዛሬ አራተኛው ቤት ነው።
ደላላው ላሊሶ ባጃጁን ያቆመው
ከዳቶ አለፍ ብሎ፣ አላሙራ ጥግ፣
«ኃይለኛ ውሻ አለ» ከሚል ከዛገ በር አጠገብ።
ውሻ የለም።
«ይሄኛው ልዩ ነው» አለን እንደ ልማዱ፤
ለደላላ አፍ ዳገት የለውም፤
ከምሳ በፊት ያየናቸው ሦስቱም ልዩ ነበሩ።

ወይንሸት ስድስት ወሯ ነው።
አፍንጫዋ ከሷ ተለይቶ ሌላ ሰው ሆኗል፤
የጎረቤት ሽንኩርት ግድግዳ አልፎ ይቀሰቅሳታል፤
ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ፣ አልጋ ላይ ተኝታ፣
«ዓሣ አወራርደዋል» ትላለች ገና በማለዳ።

ቤቱ ስትገባ ቃል አልተነፈሰች።
ነጠላ ጫማዋን ደጃፉ ላይ ትታ
ሲሚንቶውን በባዶ እግሯ ረገጠች፣
ጥግ ጥጉን ዳሰሰች፣ ግድግዳውን አሸተተች፣
ከግቢው ቧንቧ በመዳፏ ቀዳች፣ ቀመሰች፤
ፊቷ ላይ ምንም አልተጻፈ።
እኔ ዋጋ እጠይቃለሁ። እሷ ዋጋ አትሰማም።

«ልጅ አላችሁ?» አሉ እትዬ ትርንጎ፣
በረንዳው ላይ ምስር እየለቀሙ፣ ቀና ሳይሉ።
«የለንም» አልኩ።
ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።
የወይንሸት ሹራብ ሰፊ ነው።

ያኔ ነው ያየኋት፣ በአጥሩ ላይ ስትገባ፤
ጥቁር፣ ቢጫ የተረጨባት፣ የአንድ ክንፏ ጫፍ የተበላ።
ጽጌረዳውን ዞር ብላም አላየችው።
አቮካዶው ላይ ዐረፈች፣
በፊት እግሮቿ ቅጠሉን ደበደበች፣
ቶሎ ቶሎ፣ ከበሮ እንደሚሞክር ሰው።
አይደለም።
ማንጎው ላይ። ጠብ ጠብ ጠብ። አይደለም።
ለዓይን ቢሆን አረንጓዴ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤
ወሬው ያለው ከቆዳው ሥር፣ ከጭማቂው ነው።

ግብርና ተምሬአለሁ፣ ሁለት ዓመት፣ ሳልጨርስ።
ከዚያ ሁሉ የቀረኝ ይሄ ነው፦
ቢራቢሮ ሴቷ እግሯ ላይ ምላስ አላት።
ዓይን የማያያቸው ፀጉሮች ቅጠሉን ይጠይቁታል፤
አንድ ምሬት ብቻውን አይበቃትም፣
ይሄም ያም ሲደመር ነው በሩ የሚከፈት፤
አንዱ ቢጎድል፣ ትነሳለች።
ደግሞ ቅጠሉን እሷ አትበላውም።
የሷ ምግብ የአበባ ወለላ ነው።
የምትቀምሰው ለሌላ አፍ ነው፣
ገና ላልተፈለፈለ፣
ሲበላ ቆማ ለማታየው።

ቧንቧው ሥር ጤና አዳም አለ። እዚያ ዘገየች።
ጤና አዳምና ሎሚ ዘመድ ናቸው፤
እኔ ከደብተር ነው የሰማሁት፣
እሷ ዝምድናውን በተረከዟ ቆጠረችው።
ከዚያ ወደ ሎሚው፣ ወደ ለጋው ጫፍ፤
ጠብ ጠብ።
ቆመች።
ሆዷን አጎንብሳ ነካ አደረገችው፣
ከዳጉሳ የማትበልጥ አንዲት ፈዛዛ ነገር
ቅጠሉ ላይ ቀረች፤ እሷ በአጥሩ ሄደች።

«አየሃት? ሎሚዬን የምታስጨርሰኝ!»
እትዬ ትርንጎ ምስሩን አስቀምጠው ተነሱ።
«ትል ነው የምትጥልብኝ፣ ዓመት ዓመት ነው የምጨፈልቀው።»
ቅጠሉን በሁለት ጣት ያዙት።
ላሊሶ ስልኩን ያያል።

«ሦስት ወር ቀርቶኛል» አለች ወይንሸት።

ከየት እንደመጣች አላየሁም፤ አጠገባቸው ቆማለች፣
ሹራቧን በእጇ ወደ ኋላ ሰብስባ።
እኔ መሬት አየሁ።
ሴትዮዋ ፊቷን አላዩም፤ እግሯን አዩ፣
ጭቃ የነካውን፣ ባዶውን፣ ያበጠውን እግሯን፤
ጣቶቻቸው ቅጠሉ ላይ እንዳሉ።

«ውሃው ጨው ጨው ይላል» አለች።
«የጠዋቱ ነው እሱ» አሉ፤ «የማታው ይሻላል። ማታ ቅጂ።»

ይሁንታ ይሁን ስንብት አልገባኝም።
ቅጠሉ ግን ተለቀቀ፣ አንዴ ተወዛወዘ።
ላሊሶ «እሺ፣ እንግዲህ፣ ዋጋው…» ሲል ጀመረ፤
ወይንሸት ወደ ደጃፉ ተመልሳ
አንድ እግሯን ጫማዋ ውስጥ ከተተች፤
ሌላው ሲሚንቶው ላይ ነበር፣
ገና አልተነሳም።